ለፒያኖው የተሰጠ ግጥም

ዘማቾቹ መካነ ሰላም ሲገቡ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እናቴ አሥራ ሁለት ትለኛለች፤ አባቴ ደግሞ «በሬው ገደል የገባ ጊዜ ነው የተወለድሽው» ብሎ አሥራ አራት ያደርሰኛል። በሬው የለ፣ የሚመሰክር የለ፤ እኔ መሐሉን ይዤ እኖራለሁ።

ዘማች ማለት ያኔ መንግሥት ከየትምህርት ቤቱ ሰብስቦ «ገጠሩን አስተምሩ» ብሎ የላከው ተማሪ ነው። ንጉሡ ወርደዋል፣ መሬት ለገበሬ ሆኗል፣ ከተማችን በየቀኑ አንድ አዲስ ቃል ትማራለች። እኛ ልጆች ዘማቾቹን ለማየት የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ እንደ ቁራ ተደርድረን እንውል ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው በአንዲቱ ላይ ነው፤ ሱሪ የለበሰች፣ ቀጭን፣ ጣቶቿ የማያርፉ ልጅ።

ለእናቴና ለሰፈሩ ሴቶች ፊደል ልታስቆጥር ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ትመጣለች። እኔ ቀደም ብዬ ግድግዳችን ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ፊደል ለቃቅሜያለሁና ከትምህርቱ ይልቅ አስተማሪዋን ነበር የማጠናው። በግራ እጇ ጠመኔ ይዛ ስታስተምር ቀኝ እጇ መደቡ ላይ ይሄዳል። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሮጣል።

አንድ ቀን አላስቻለኝም።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አልኋት።

«ፒያኖ እየተጫወትሁ።»

«የታለ ታዲያ?»

«አዲስ አበባ።»

«ድምፁስ?»

«እኔ ይሰማኛል» አለችና ሳቀች።

እናቴ በጆሮዬ «ዛር ነው፣ ዝም በያት» አለችኝ። አክስቴ ግን ጥግ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች የልጅቱን እጅ ብዙ ጊዜ አየች። እንዝርቷ እስኪቆም ድረስ አየች።

አክስቴን ላስተዋውቃችሁ። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ከእኛ ጋር መኖር የጀመረችው በረሃቡ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ከወንዙ ማዶ፣ ቆላው ላይ ባል አግብታ ትኖር የነበረች፣ ስሟ እስከ አጅባር ገበያ የሚነሳ ሙሾ አውራጅ ነበረች። ሰው ሲሞት በቅሎ ይላክላታል። ሟቹን በግጥም ታነሳዋለች፤ ለቅሶኛው ይቀበላታል፤ እንባው ደርቆበት የመጣ ሰው ሳይቀር ይፈታል። «እሷ ያላወረደችበት ለቅሶ ጨው የለውም» ይባል ነበር።

በረሃቡ ባሏ ሥራ ፍለጋ እንደ ወጣ ቀረ። እሷ ልጇን አዝላ እኛ ቤት ደረሰች። የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ግን እንደ ሕፃን ይታዘል ነበር። መጥቶም ብዙ አልቆየ። አባቴና አንድ ጎረቤት ተሸክመው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀበሩት። ያን ሰሞን ለቅሶ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ቀባሪ ሆኖ ማን ለማን ያልቅስ? አክስቴ ቆማ አየች፣ ተመለሰች፣ ተኛች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሙሾ ከአፏ አልወጣም። ለቅሶ ቤት ትሄዳለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጥግ ትቀመጣለች፤ «እስቲ አንድ አውርጂልን» ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች።

ይህ ነገር አባቴን እንቅልፍ ይነሳው ነበር። «ያልተለቀሰ ልጅ ሆድ ውስጥ አይቀመጥም፤ ይገድላታል» ይላል ለእናቴ። እውነቱን ነበር። ዝናብ ጥሎ፣ ሁለተኛው መኸር ደርሶ፣ ሁላችን ጉንጭ ስናወጣ እሷ ግን በረሃቡ ዓመት እንደ ነበረችው ቀረች። ስትፈትል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፅ የለም። ዘማቿ በጣቷ፣ አክስቴ በከንፈሯ። ልጅ ነኝና ቤታችን ውስጥ ሁለት ሰዎች ያለ ድምፅ ምን እያሉ እንደሆነ ለማወቅ እጓጓ ነበር።

እንግዲህ ወደ ፒያኖው ልምጣ። የማታምኑኝ ትኖራላችሁ፤ መካነ ሰላም ፒያኖ ነበራት።

የቀድሞው ሹም ለሴት ልጁ ብሎ ያስመጣው ነው። እስከ ወረኢሉ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲህ በጭሰኛ ትከሻ። ሽማግሌዎቹ ሲቀልዱ «መቅደላ መድፍ ያወጣ ሰው ሣጥን ይከብደዋል?» ይላሉ፤ የተሸከሙት ሰዎች ግን አብረው ሲስቁ አላየሁም። ሹሙ ሸሽቶ ቤቱ ሲወረስ አዳራሹ የገበሬ ማኅበር መሰብሰቢያ ሆነ፤ ሣጥኑም ከቆዳ ክምር ሥር ወጣ። የማኅበሩ ሊቀመንበር መሣሪያ ተደብቆበታል ብሎ ጀርባውን አስፈታው። ጠመንጃ የለ፣ ጥይት የለ፤ ሽቦ ብቻ። «ይህ ሁሉ ሽቦ ከማን ጋር የሚነጋገሩበት ነው?» አለና ዘበኛ አቆመበት።

ዘማቿ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ጠመኔ ጥላ ሮጠች። እኔም ተከትያት ሮጥሁ። ክዳኑን ስትከፍተው ነጭና ጥቁር ጥርስ ተደርድሮ ታየ። በር ላይ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በመውሊድ መንዙማ የሚያወጡ፣ ከተማው ሁሉ ሼሁ የሚላቸው። ገብተው አዩና፣

«ያ ረቢ! እኛ ጥርሳችን ረግፎ ይኸው ሣጥን ሙሉ አፍ!» አሉ።

ዘማቿ ጥርሶቹን አንድ ባንድ ነካች። አንዳንዱ ይጮኻል፣ አንዳንዱ ያነክሳል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ዝም ነው። አይጥ ገብቶበት ኖሯል። «ደንቁረዋል» አለች ስለ ዝምተኞቹ፣ እንደ ሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ባለጥርሱ» ሆኖ ቀረ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ወሬ መጣ። ከየአውራጃው የኪነት ቡድን ደሴ ሊገናኝ ነው፤ ከእኛም የሚሄዱት በዳኛ ይመረጡ ተባለ። ሊቀመንበሩ ራሱን አንደኛ ዳኛ አደረገ። ሼሁን ሁለተኛ አደረገ። ሦስተኛው ከሴቶች መሆን ነበረበትና ከተማው በአንድ አፍ አክስቴን አለ።

ሊቀመንበሩ ቤታችን ድረስ መጣ። አክስቴ እንዝርቷን አላስቀመጠችም።

«እኔ ድምፅ የለኝም፤ ሌላ ፈልጉ» አለችው።

«እኅት ጓድ፣ ድምፅ አይደለም የምንፈልገው፤ ጆሮ ነው።»

«ኧረ ጓድ በላት!» አለ አባቴ ከበር ሆኖ፤ «ወንድሟም እንደዚያ ብሎ አያውቅ።»

አክስቴ ፈገግ አለች። ብዙ ጊዜ አይቼው የማላውቀው ነገር ነው። «ጆሮስ አለኝ፣ አልተቀበረም» አለች። አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱን አዙሮ ወደ ጓሮ ወጣ።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ከጢም ብሎ ሞልቷል። ነጋዴው፣ ቢሮ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ከገጠር በገበያው ሳቢያ መጥቶ ያደረው ገበሬ፣ ሁሉም አለ። ዳኞቹ ፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ አክስቴ እግር ሥር ወለሉ ላይ ነኝ። ሊቀመንበሩ «ከአሥር ነጥብ ትሰጣላችሁ» ብሎ አስረድቷል። ሼሁ «መንዙማም እንዲህ በሚዛን ሊሆን ነው እንግዲህ» ብለው ጢማቸውን ዳሰሱ።

መጀመሪያ ባለ ማሲንቆ ወጣ። ለመሬት አዋጁ የገጠመውን ዘፈነ፤ ሰውም እንደ ልማዱ ከያለበት ግጥም ሰጠው። እኛ አገር ተጫዋች ሲጥም ዝም ብሎ መስማት ነውር ነው። ከመሐል ትነሳለህ፣ ሁለት መስመር ትወረውራለህ፤ ተጫዋቹ ተቀብሎ በዜማው ይመልስልሃል። ያን ጊዜ ያንተም ቃል ዘፈኑ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ከእሱ ቀጥሎ ተማሪዎቹ ሰልፍ እየረገጡ ዘመሩ። ሊቀመንበሩ አጨበጨበ፤ ሼሁ «እግራቸው ይጮኻል፣ ትንፋሻቸው ግን አጭር ነው» አሉ።

ከዚያ ዘማቿ ባለጥርሱ ፊት ተቀመጠች።

መጀመሪያ የተጫወተችው የውጭ አገር ነገር ነበር። እጆቿ አንዱ ሌላውን ያሳድዳሉ፤ ድንጋይ ላይ ከሰል ሲራገፍ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ፣ ደግሞ ድንገት የውሃ ጠብታ። እኔ በጣም ገረመኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። የሚያስል እንኳ የለም። ስትጨርስ ዞራ አየችን፣ ፊቷ በርቷል። ዝም እንዳልን ዝም አልን።

ከዚያ የራሳችንን ቅኝት ጀመረች። አምባሰልን። ባለጥርሱ አንዳንድ ቦታ ስለሚያነክስ ዜማው ይንገዳገዳል፤ ሼሁ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙና «ወላሂ፣ አምባሰልን ከሩቅ አየሁት! ጉም አለበት እንጂ እሱ ነው» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ነፍስ ገባበት። ከኋላ አንዲት ሴት ወዲያው ግጥም ወረወረች። ዘማቿ አልተቀበለችም፤ ዝም ብላ መጫወቷን ቀጠለች። አንድ ገበሬ ጨመረ። አሁንም አልተቀበለችም፤ ጭራሽ ፈጠነች፤ አንገቷም ቀላ።

ያን ጊዜ ከራሴ በላይ የአክስቴን ድምፅ ሰማሁ። ዳኛ መሆኗን ረስታ፣ እንደ ጥንቱ፣ ግን በሻከረ ጉሮሮ፣

«እጅሽ ይሮጥ ጀመር እንደ ውሃ ወራጅ፣
እስቲ ቆም በይና ስሚን የኔ ወዳጅ።»

ፒያኖው ቀጥ አለ። ዘማቿ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ካልወደዳችሁት ልተወው፤ መሳደብ ግን ምን አመጣው?» አለችና ብድግ አለች።

አዳራሹ አጉረመረመ። አክስቴ ደነገጠች፣ ከዚያም ተቀየመች። ነጠላዋን ወደ አፏ መለሰችው። «ግጥሜን መለሰችብኝ» አለች፤ እንዲህ ያለው ነገር እኛ ዘንድ ከደጅ እንደ መባረር ነው። አባቴን ፈለግሁት፤ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሻል። እህቱ ከስንት ጊዜ በኋላ አፏን ብትከፍት ይኸው ተዘጋባት።

ሼሁ በዱላቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ።

«አብሽሪ ልጄ፣ ተቀመጭ። እዚህ አገር ግጥም የሚሰጠው ለወደዱት ነው። ላልወደዱት ዝም ነው የሚባለው።»

ዘማቿ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። «እኛ ስንማር» አለች፣ «ሰው ትንፍሽ ሳይል ከሰማሽ ወዶሻል ነው የተባልነው።»

አክስቴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «ታዲያ ቅድም በዚያ በሚሯሯጠው ጊዜ ጸጥ ስንልሽ፣ ደስ ብሎሽ ነበራ?»

«በጣም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዘማቿም ሳቀች፤ አክስቴም። ሊቀመንበሩ ብቻ ወረቀቱን ይዞ «ሥነ ሥርዓት! ሥነ ሥርዓት!» ይላል።

«እትዬ፣ የሰጡኝን ይድገሙልኝ» አለች ዘማቿ፣ ተመልሳ ተቀምጣ።

አክስቴ ደገመችው። ዘማቿ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ቃሉን እየሰፈረችው መሆኑ ነው። ከዚያ በአንድ እጇ ብቻ ተጫወተችው። እንዴት እንዳደረገችው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሣጥኑ ምላስ የለው፣ ግን «እስቲ ቆም በይና» ሲል ሁላችን ሰማነው። «በይና» ላይ እንደ አክስቴ ትንሽ ጎተት፣ «ወዳጅ» ላይ እንደ አክስቴ ወደ ታች። ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ ዘማቿ እጇን አነሳች፣ እግሯን ግን ከታች የሆነ ነገር ላይ አጥብቃ ረገጠች፤ የመጨረሻው ድምፅ ሳይጠፋ አየር ላይ ቀረ። ቀጠነ፣ ቀጠነ፤ ሰው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ሊያይ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እሷ አልቸኮለችም። ጠበቀች።

ድምፁ ሳያልቅ አክስቴ ገባችበት።

«ዝናብ ጣለልንና ዘሩ ሁሉ ወጣ፣
እኔ የቀበርሁት ልጅ መቼ ሊመጣ?»

እልልታው ተቆረጠ። ማንን እንደምትል የማያውቅ እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ቢኖር ዘማቿ ናት። እሷም ምንም ሳትጠይቅ ተቀበለችው። ቀስ ብላ፣ በሁለት እጇ። «ልጅ» የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቷ ከደነቆሩት ጥርሶች በአንዱ ላይ ወረደ። ምንም አልተሰማም። ባዶውን ቦታ ትታው አለፈች፤ «መቼ ሊመጣ» የሚለውን ጨረሰች። ሼሁ «አሚን» አሉ፣ ዱዓ እንደ ተደረገ ሁሉ። አባቴ ደጅ ወጥቷል። አክስቴ አላለቀሰችም፤ ብቻ በረጅሙ ስትተነፍስ ጉልበቷ ጀርባዬን ይነካኝ ነበር።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መልካም። አሁን ነጥብ። ግን ይሄ የመጨረሻው ግጥም ለአብዮቱ ምን ይጠቅማል?»

«ዝናብ ይላል፣ ዘር ይላል» አሉ ሼሁ። «ይህ የገበሬ ካልሆነ የማን ነው?»

ሊቀመንበሩ ይህን ጻፈ። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረ። «እርስዎስ ስንት ሰጡ?»

«መጀመሪያ የተጫወተችውን እጇ ያውቀዋል፤ እሷ ግን አልነበረችበትም። ወይም ነበረች፣ እኔ መንገዱን አላውቀውም፤ በማላውቀው አልፈርድም። አምባሰሉን ጀምራ ስትሮጥ ጠፋችብኝ። ኋላ ስትጠብቀኝ አገኘኋት።»

«እትዬ፣ ቁጥር ነው የምፈልገው።»

«አንተ ያየኸውን ቁጥር ጻፍ፤ እኔ የሰማሁትን ነግሬሃለሁ።»

ልጅቱ ተመረጠች። የተመረጠች ዕለት ግን ባለጥርሱን ማን ደሴ ድረስ ይሸከማል የሚለው ተነሳ። ሊቀመንበሩ ዙሪያውን ቢያይ፣ ያኔ ከወረኢሉ የተሸከሙት ሰዎች አሁን የማኅበሩ አባላት ናቸው፤ አንዱ ትከሻውን እያሻሸ «መሬት ላራሹ፣ ሣጥን ለባለ ሣጥኑ» አለው። ስለዚህ ዘማቿ ደሴ የሄደችው ባዶ እጇን ነው፤ ከተማሪዎቹ ጋር ከበሮ መታች አሉ። ባለጥርሱም እዚያው ቀረ።

ደሴ ከመሄዷ በፊት መደቡ ላይ ጣቷን ስታጫውት አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኋት።

«ያ የደነቆረው ጥርስ ላይ የወረድሽው አውቀሽ ነው?»

«ዜማው እዚያ ነው የሚወድቀው» አለች። «ዞሬ ማለፍ እችል ነበር። ለምን እንዳልዞርሁ እንጃ።»

እኔም እንጃ። ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ ፒያኖ በሰማሁ ቁጥር ተጫዋቹ የት ላይ እንደሚጠብቅ፣ ለማን እንደሚጠብቅ ጆሮዬን አቆማለሁ። ጎበዝ ይሁን አይሁን የማውቀው በዚያ ነው፤ ሌላ ሚዛን አልተማርሁም።

አክስቴ በሳምንቱ ጠዋት ተነሳችና አባቴን «ለጎረቤት ንገርልኝ፣ የልጄን ለቅሶ ልቀመጥ ነው» አለችው። አባቴ ባርኔጣውን እንኳ ሳያደርግ ወጣ። ክርስቲያኑም እስላሙም መጣ። ከልብስ ሣጥኗ ሥር የልጁን እጀ ጠባብ አወጣች፣ ይዛው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች፣ አጥሩ ጋ መቃብሩ ላይ ቆማ ሙሾ አወረደች፤ እኛም ተቀበልናት። እስከ እኩለ ቀን አለቀሰች። ከዚያ ቤት ገብታ ፊቷን ታጠበች፣ የቀረበላትን በላች። በማግስቱ እጀ ጠባቡን አጥባ አሰጣችው፤ ሲደርቅ ለጎረቤታችን ልጅ አለበሰችው።